መሠረታዊ ማኅበራችሁ ዩኒየን ሊገባ ነው? ከውሳኔው በፊትና በኋላ የሚሠሩ 9 ሥራዎች

ምርት ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ በብዙ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ዩኒየን እንግባ ወይስ እንቆይ?» አንዳንዴ የሚያነሳው የወረዳው ባለሙያ ነው። አንዳንዴ ማዳበሪያ የዘገየበት አባል፣ አንዳንዴ ደግሞ የጎረቤት ቀበሌ ማኅበር ትርፍ ማከፋፈሉን የሰማ ሰው ያነሳዋል። መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ስብሰባ፣ በጭብጨባ ያልፋል። ዕጣው ተከፍሎ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን «ዩኒየኑ ምን አደረገልን?» የሚል ቅሬታ ይሰማል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለመሠረታዊ ማኅበራት የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ነው። መነሻው አንድ ሐሳብ ነው፦ ማኅበራችሁ ዩኒየን ሲገባ የዩኒየኑ ባለቤት ይሆናል። ባለቤት ከመግዛቱ በፊት ይመረምራል፣ ከገዛም በኋላ ይቆጣጠራል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን በተግባር ለማድረግ የሚረዱ ናቸው። የአገሪቱን ማኅበራት የሚመራው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ቢሆንም፣ ዝርዝሩ በየክልሉ ሕግና በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይለያያል። ስለዚህ የራሳችሁን ደንብ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡ።

1. የሚያስገባችሁን ጉዳይ ለዩ

«ለምን እንገባለን?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልደረሳችሁም። ማኅበር ዩኒየን የሚፈልግባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ ለማግኘት፣ ምርትን በብዛት አሰባስቦ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ፣ ማቀነባበሪያ ወይም ትራክተር በጋራ ለመጠቀም፣ ብድር ለማግኘት፣ ወይም አንድ ማኅበር ብቻውን የማይችለውን የጥራት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩን መለየት የሚጠቅመው ዩኒየኖች ራሳቸው ስለሚለያዩ ነው። ሁለገብ ዩኒየን በግብዓትና በእህል ላይ ያተኩራል። የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ዋና ሥራ የአባላትን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ ማቅረብ ነው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ዩኒየን ደግሞ አባላቱ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ናቸው። ችግራችሁ የብድር ሆኖ ሳለ የእህል ዩኒየን ብትገቡ ዩኒየኑ ጥፋት የለበትም።

የተለመደው ስሕተት፦ ጎረቤት ስለገባ ብቻ መግባት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንባችሁ።

2. በመጀመሪያ የራሳችሁን መዝገብ አስተካክሉ

ዩኒየኑ ሰነዳችሁን ማየቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት እናንተ እዩት። የሚያስፈልጉት፦

• የምዝገባ ምስክር ወረቀትና በሥራ ላይ ያለው መተዳደሪያ ደንብ
• የአባላት መዝገብና የዕጣ መዝገብ
• የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት
• የጠቅላላ ጉባኤና የኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎች
• የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ መረጃ
• የዕዳና የተሰብሳቢ ገንዘብ ዝርዝር

ከእነዚህ ሁሉ አብዝቶ የሚያስቸግረው የአባላት መዝገብ ነው። በሞት የተለዩ፣ አካባቢውን የለቀቁ ወይም ዕጣቸውን ከፍለው ያልጨረሱ ሰዎች ስም ሳይነካ ይኖራል። ይህ የጽሕፈት ጉድለት ብቻ ቢመስልም በኋላ ጉባኤውን ያፈርሰዋል፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚቆጠረው በመዝገብ ካለው አባል ነውና። በመዝገብ 600 ሰው፣ በቀበሌው ያለው ግን 420 ከሆነ፣ ከግማሽ በላይ ለማግኘት 301 ሰው ትፈልጋላችሁ። መዝገቡ በደንቡ መሠረት ቢጸዳ 211 ይበቃ ነበር። ስም ስትሰርዙ ግን ኮሚቴው እንዳሻው አይሁን። የሟች ወራሾች ዕጣ ላይ መብት ስላላቸው ደንቡ የሚለውን አካሄድ ጠብቁ።

ኦዲት ካልተደረጋችሁ ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ግልባጭም አስቀምጡ። ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ጥያቄው ከጉባኤው ብዙ ወራት ቀድሞ መግባት አለበት።

የተለመደው ስሕተት፦ ያልተመለሰ የማዳበሪያ ዕዳን መደበቅ። ዕዳው በኋላ ከምትሸጡት ምርት ላይ ሲቆረጥ አባላት «ገንዘባችንን ዩኒየኑ በላው» ይላሉ፤ እምነት አንዴ ከጠፋ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

3. ዩኒየኑን ሄዳችሁ መርምሩ

ሦስት ወይም አራት ሰው ላኩ። ሁሉም የኮሚቴ አባል መሆን የለበትም። ሚዛን የሚያውቅ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዥ፣ ሒሳብ የሚያነብ ወጣት፣ በማኅበሩ ጉዳይ ዝም የማትል አንዲት አባል ቢጨመሩበት ኮሚቴው ያላየውን ያያሉ።

ከዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት መተዳደሪያ ደንቡንና የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። ከዚያ መጋዘኑን እዩ። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ነው ወይስ በባዶ ሲሚንቶ ላይ? የእርጥበት መለኪያ አለ? ሚዛኑ ተፈትሿል? ያለፈው ዓመት ማዳበሪያ እስካሁን ተከምሯል? መጋዘን ከሪፖርት ይልቅ እውነቱን ያወጣል።

ቀጥላችሁ ሁለት አባል ማኅበራትን ጎብኙ። አንደኛው ዩኒየኑ ራሱ የመረጠላችሁ ይሁን፤ ሁለተኛውን ራሳችሁ ምረጡ፤ ቢቻል ቅሬታ አለው የሚባለውን። እነዚህን ጠይቁ፦

• ምርት ካስረከባችሁ በስንት ቀን ገንዘብ ደረሳችሁ?
• ባለፉት ሦስት ዓመታት ትርፍ ተከፋፍሏል? የተከፋፈለው በዕጣ ብዛት ነው ወይስ ባስረከባችሁት ምርት መጠን?
• ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በፊት ደረሰ?
• ክብደት ወይም ጥራት ላይ ስትከራከሩ የሚዳኘው ማን ነው?
• በዩኒየኑ ጉባኤ ተነስታችሁ ተቃውማችሁ ታውቃላችሁ? ምን ሆነ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው የማይገኝበት ዩኒየን ወይ ችግር የለበትም ወይ መናገር አይቻልበትም፤ የትኛው እንደሆነ አባል ማኅበራቱ ያውቃሉ።

የተለመደው ስሕተት፦ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ገለጻ ሰምቶ መመለስ።

4. ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

«ዩኒየን የተሻለ ዋጋ ይሰጣል» የሚለው ወሬ ነው፤ ቁጥር እስኪሆን ድረስ አትቀበሉት። ለምሳሌ ያህል ይህን እዩ። ማኅበራችሁ 2,000 ኩንታል በቆሎ አለው እንበል። የአካባቢው ነጋዴ በኩንታል 3,000 ብር ይሰጣል፤ ዩኒየኑ 3,100። ልዩነቱ በጠቅላላው 200,000 ብር ነው። አሁን ወጪውን ቀንሱ፦

• ትራንስፖርት በኩንታል 35 ብር፦ 70,000
• መጫኛና ማራገፊያ በኩንታል 10 ብር፦ 20,000
• የክብደት ጉድለት በኩንታል 15 ብር፦ 30,000

80,000 ብር ይተርፋል። ነገር ግን ለአባላት ወዲያው ለመክፈል ገንዘቡን በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ፣ ዩኒየኑም በ45 ቀን ቢከፍላችሁ፣ የ6 ሚሊዮን ብር የ45 ቀን ወለድ 111,000 ብር ገደማ ነው። ከትርፉ ተሻግሮ 31,000 ብር ያህል ያከስራችኋል። ዩኒየኑ በ15 ቀን ቢከፍል ግን ወለዱ ወደ 37,000 ይወርድና 43,000 ብር ያህል ታተርፋላችሁ። ዋጋው አንድ ነው፤ ለውጡን ያመጣው የክፍያው ቀን ነው። ከዩኒየን ጋር ስትደራደሩ በኩንታል አምስት ብር ለማስጨመር ከምትታገሉ የክፍያውን ቀን በውል ማሳጠር ሊበልጥ ይችላል።

ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀበሌ ዋጋ ተኩ። በሌላ ገጽ ደግሞ የግብዓቱን ሒሳብ ሥሩ። ማዳበሪያ በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተገዝቶ ከገባ በኋላ በብዙ አካባቢ በዩኒየን መጋዘን በኩል ወደ መሠረታዊ ማኅበር ይደርሳል። ስለዚህ «አባል ባንሆንስ ማዳበሪያው በምን መንገድ ይደርሰናል?» ብላችሁ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ መልሱን ጻፉ።

የተለመደው ስሕተት፦ የዓመት መጨረሻ የትርፍ ክፍፍልን እንደ እርግጠኛ ገቢ መቁጠር። ትርፍ ካለ፣ መጠባበቂያው ከተቀነሰ፣ ጉባኤውም ከወሰነ ነው የሚመጣው። ሒሳባችሁ ያለ እሱ ካልቆመ መግባቱን አዘግዩት።

5. አባላትን ከጉባኤው በፊት በየጎጡ አነጋግሩ

400 ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ጥያቄ የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዘወትር የሚናገሩት ናቸው። ስለዚህ ከዋናው ጉባኤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ በየጎጡ ትንንሽ ስብሰባ አድርጉ። የደረጃ 4ን ሒሳብ በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለማያነቡት በቃል አስረዱ፦ «ኩንታሉ እዚህ ይህን ያህል ያወጣል፣ እዚያ ይህን ያህል፣ ገንዘቡ በዚህ ቀን ይደርሳል።»

ሴቶች አባላትን ለብቻ ማነጋገር ይጠቅማል። በብዙ ቤት መሬቱ የባልና የሚስት ሆኖ ሳለ በማኅበሩ የተመዘገበው ባልየው ብቻ ነው፤ ከጎተራው ምን ያህል እንደሚሸጥ፣ ምን ያህል ለቤት እንደሚቀር የምታውቀው ግን እሷ ናት። የምታስረክቡትን መጠን ስትገምቱ ያለ እርሷ የተሰጠ ቁጥር ከእውነቱ ይርቃል።

የሚነሱትን ሥጋቶች ጻፉና ለጉባኤው መልስ አዘጋጁ። «ዕጣውን ከየት እንከፍላለን?»፣ «ለነጋዴ መሸጥ እንከለከላለን?»፣ «ካልተመቸን መውጣት እንችላለን?» የሚሉት ሦስቱ አይቀሩም።

የተለመደው ስሕተት፦ መልካም ወሬውን ብቻ ማውራት። አባሉ የክፍያ መዘግየት ሊኖር እንደሚችል ቀድሞ ካወቀ ይታገሳል፤ ካላወቀ ተታለልኩ ይላል።

6. ጠቅላላ ጉባኤውን በአግባቡ ጥሩ

ማኅበርን ዩኒየን የማስገባት ውሳኔ የጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ኮሚቴ ብቻውን ቢፈርም ውሳኔው ነገ ሊፈርስ ይችላል። ለደጋው አካባቢ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ አውድማው ተጠናቋል፣ የመኸር እርሻ ገና አልተጣደፈም። የገበያ ቀን አይሁን። ገበሬው ሞፈር የማያነሳበት ወርኃዊ በዓል ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙስሊም በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ይገኛል።

ጥሪው በደንቡ በተጻፈው ቀን ቀድሞ ይድረስ፤ አጀንዳው በግልጽ «ዩኒየን ስለ መግባት» ይበል። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚል ጥግ ውስጥ የተወሰነ ነገር አይጸናም። የወረዳው ባለሙያ በታዛቢነት ይገኝ፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው። ማኅበራት በአባላት ፈቃድ እንዲቋቋሙ፣ በራሳቸውም እንዲመሩ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትብብር ካጸደቃቸው 7 መርሆዎች ውስጥ ተካቷል። ማኅበራት እርስ በርሳቸው ይተባበሩ የሚለው 6ኛው መርህም ያለዚህ ነጻነት ትርጉም የለውም። «ከላይ የመጣ ነው» ተብሎ የተገባ ዩኒየን የአባሉን ልብ አያገኝም።

ድምፁ በጭብጨባ አይሁን፤ እጅ ይቆጠር። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚከተለውን መልክ መጠቀም ትችላላችሁ፦

«ማኅበራችን የ____ ዩኒየን አባል እንዲሆን፤ ለዚህም ____ ዕጣ በብር ____ ከ____ ሒሳብ እንዲገዛና ክፍያው እስከ ____ ቀን እንዲጠናቀቅ፤ በዩኒየኑ ጉባኤ የሚወክሉን ሰዎች ከእያንዳንዱ ጉባኤ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ለአባላት እንዲያስረዱ፤ ይህ ውሳኔ ከአንድ የምርት ዘመን በኋላ በጠቅላላ ጉባኤ እንዲገመገም፤ በ____ ድጋፍ፣ በ____ ተቃውሞና በ____ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።»

የተቃወሙትም ምክንያት ይጻፍ። በዓመቱ ግምገማ ሲደረግ ያ ምክንያት ትልቅ መረጃ ይሆናል።

7. ማመልከቻውን አስገቡ፣ ዕጣውን በባንክ ክፈሉ

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ከእሱ ጋር ቃለ ጉባኤው፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የኦዲት ሪፖርቱና የአባላት ብዛት በጾታ ተለይቶ ይያያዝ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። አባልነታችሁን የሚቀበለው የዩኒየኑ የትኛው አካል እንደሆነ በደንቡ ተመልከቱና መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የመመዝገቢያና የዕጣ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ ይተላለፍ። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ፣ ሰጪውም ተቀባዩም ታማኝ ቢሆኑ እንኳ፣ አንዱ ሲለወጥ ክርክር ይሆናል። ሕጋዊ ደረሰኝና የዕጣ ምስክር ወረቀት ሳትይዙ ክፍያው ተጠናቀቀ አትበሉ።

የገንዘቡ ምንጭም ይታሰብበት። ከማኅበሩ ትርፍ ወይም ጉባኤው ከፈቀደው ተጨማሪ መዋጮ ሊሆን ይችላል። አባላት ለማዳበሪያ አስቀድመው ያስያዙትን ገንዘብ ግን በፍጹም አትንኩ። የግብዓት ቀን ሲደርስ ጆንያው ካልመጣ ማንም ስለ ዕጣ አይሰማችሁም።

ከአባልነቱ ሌላ የምርት አቅርቦት ውል የምትፈርሙ ከሆነ ውሉ ላይ ዓይነት፣ መጠን፣ የጥራት ደረጃ፣ የዋጋ አወሳሰን፣ የክፍያ ቀንና ማዘግየት የሚያስከትለው ካሳ ተለይቶ ይጻፍ። ዩኒየኑ የቢራ ገብስ ለብቅል ፋብሪካ ወይም ስንዴ ለፓስታ አምራች ለማቅረብ ውል ካለው፣ ያንን ውል ማየት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ የእናንተ ግዴታ የሚቀዳው ከዚያ ነው።

8. ወክሎ የሚናገርላችሁን ሰው ምረጡ

ዩኒየን ውስጥ ማኅበራችሁ የሚታየው በተወካዩ ነው። የማኅበሩን ተቀጣሪ ሥራ አስኪያጅ አትላኩ፤ ከዩኒየኑ ጋር በየቀኑ ስለሚሠራ ጠንከር ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ይቸግረዋል። አባል የሆነ፣ ቁጥር የሚያነብ፣ በትልቅ ስብሰባ ድምፁን የማይውጥ ሰው ይሁን። ከአንድ በላይ ተወካይ ከተፈቀደላችሁ አንዷ ሴት ትሁን።

ተወካዩ ከመሄዱ በፊት አጀንዳውን አይታችሁ አቋማችሁን ጽፋችሁ ስጡት፦ በየትኛው ጉዳይ ይደግፍ፣ በየትኛው ይቃወም፣ በየትኛው እንደ ሁኔታው ይወስን። ሲመለስ ከትርፍ ክፍፍል፣ ከኦዲት አስተያየትና ከዋጋ ጋር የተያያዘውን በዝርዝር ያስረዳ። የድምፅ አሰጣጡ ለእያንዳንዱ ማኅበር እኩል መሆኑን ወይም በአባል ብዛት የሚሰላ መሆኑን በዩኒየኑ ደንብ አረጋግጡ፤ ትንሽ ማኅበር ከሆናችሁ አጋር መፈለግ የሚኖርባችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመደው ስሕተት፦ አንድን ሰው ለዓመታት መላክና ውሎ አበል ሲቀበል ብቻ ማስታወስ።

9. የመጀመሪያውን የምርት ዘመን በቅርብ ተከታተሉ

አሁን ተራው የእናንተ ነው። 2,000 ኩንታል አቀርባለሁ ብሎ 700 ያመጣ ማኅበር ዩኒየኑ ለገዢ የገባውን ቃል ያሰብራል፤ የሁሉንም ዋጋ ያወርዳል። አባላት ከፊሉን ለነጋዴ እንደሚሸጡ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቃል የምትገቡት ከሚጠበቀው ምርት የቤት ፍጆታና ይህ ሽያጭ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ላይ ይሁን። ዝቅ አድርጎ ቃል ገብቶ ማሟላት ይሻላል።

ጥራቱን ከራሳችሁ መጋዘን ጀምሩ። በቆሎ ለክምችት እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይሻግታል፣ ይመለስባችኋል። ቡና አቅራቢ ከሆናችሁ ቀይ እሸቱን ብቻ ተረከቡ፤ በለቀማው ዕለትም ወደ ማጠቢያ ጣቢያው አድርሱት። ጭነት ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ሚዛን መዝኑ፣ የመኪናውን ታርጋና የጆንያውን ብዛት መዝግቡ፣ ሾፌሩ ይፈርም። በዩኒየኑ ሚዛን ልዩነት ከተገኘ በዚያው ዕለት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከሳምንት በኋላ የመጣ አቤቱታ ማስረጃ የለውም።

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ፦ ያስረከባችሁበት ቀን፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ ክፍያው የገባበት ቀን። ዘመኑ ሲያልቅ ደብተሩን ከደረጃ 4 ሒሳብ ጋር አስተያዩትና ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡ። ክፍያው በውሉ መሠረት ከዘገየ ለዩኒየኑ ሥራ አመራር በደብዳቤ ጠይቁ፣ ካልተመለሰ ለዩኒየኑ የቁጥጥር ኮሚቴ፣ ከዚያም በተወካያችሁ በኩል ለጉባኤው አጀንዳ አስይዙ። ሌሎች ማኅበራትም ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው አብራችሁ ፈርሙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ መውጣት መብታችሁ ነው። ለመውጣት የሚያስፈልገውን የማስታወቂያ ጊዜ፣ ዕጣው የሚመለስበትን ሁኔታና መጀመሪያ መከፈል ያለበትን ዕዳ በዩኒየኑ ደንብ ታገኛላችሁ። ያንን አንቀጽ ግን ከመግባታችሁ በፊት፣ በደረጃ 3 ላይ ደንቡን ስትቀበሉ ወዲያው አንብቡት፤ ግልጽ ካልሆነም ዕጣ ሳትከፍሉ ማብራሪያውን በጽሑፍ ተቀበሉ።